ለቤት ስቱዲዮ ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ፦ የትኛው ይበቃል፣ የትኛው ይረብሻል

የሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌሮች፣ ሪፐርም ሆነ ኩቤዝ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮም ሆነ ኤብልተን ላይቭ፣ ድምፁን የሚያሰሉት በፕሮሰሰሩ ነው። ሪቨርቡ፣ ኮምፕረሰሩ፣ ኢኪዩው፣ የቨርቹዋል ኪቦርዱ ድምፅ ሁሉ እዚያ ነው የሚሠራው። ግራፊክስ ካርዱ መስኮቶቹን ይስላል፣ የሚክሰሩን ሜትሮች ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ሁለተኛ ስክሪን ካለ እሱንም ያበራል፤ ሥራው በዚህ ያበቃል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለጌም ተብለው በተጻፉ ግምገማዎች ላይ ያለው የፍሬም ቁጥር ለዚህ ሥራ ምንም አይነግረንም። «ትልቅ ካርድ ብገጥምለት ብዙ ትራክ ይችላል» ብሎ ሱቅ የሚሄድ ሰው ብሩን ያለቦታው ያፈሳል። በዚያው ብር ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ቢያሳድግ ወይም ኤስኤስዲ ቢገዛ ለውጡን በዚያው ቀን ያየዋል።

ካርድ ድምፅ አያሳምርም፤ ማበላሸት ግን ይችላል። ፋኑ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ቀረጻ መሀል ጠቅ ጠቅ ያስብላል፣ አንዳንዴም ስክሪኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስፒከሩ ላይ ዝዝታ ይመጣል። እዚህ ካርዶቹን የምንመዝናቸው በዚህ ነው። ማሽኑ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የቤት ስቱዲዮ የሚጀመርበት ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ማለትም ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ እንደሆነ እናስብ። ማክ ያለው ሰው ይህን ሁሉ መዝለል ይችላል፤ ኤም1 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ማኮች ላይ የሚጨመር ካርድ የለም።

መጀመሪያ ያላችሁን እዩ

ከ6ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ባሉት የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ላይ ግራፊክስ አብሮ አለ፤ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ የተለመደው ዩኤችዲ 630 ይባላል። ለሙዚቃ ይህ ይበቃል። በቃ። ሦስት ስክሪን ድረስ ያበራል፣ የራሱ ፋን የለውም፣ ድራይቨሩም ብዙ ጊዜ ሰላማዊ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስተውሉ። አንደኛ፣ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የኮምፒውተሩን ራም ይጋራል፤ አንድ 16 ጊጋባይት ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 8 መሰካት ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ ፎርኬ (4K) ስክሪን ካላችሁ በኤችዲኤምአይ አታገናኙት። ዩኤችዲ 630 በኤችዲኤምአይ ፎርኬን የሚሰጠው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ማውሱ ይጎተታል፣ የትራኩ መስመርም እየዘለለ ይሄዳል። በዲስፕሌይፖርት ግን 60 ይደርሳል። «ይቺ ማሽን ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋታል» ተብሎ ከሚነገረው ውስጥ ቀላል የማይባለው ችግር ኬብል በመቀየር የሚፈታ ነው።

ካርድ የግድ የሚሆነው ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከሌለው ነው። የኢንቴል ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ካለ፣ ለምሳሌ አይ5 12400ኤፍ፣ ምስል አይሰጥም። ከኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን 5000 የሚባሉት «ጂ» ፊደል ከሌላቸው እንደዚያው ናቸው፤ 7000ዎቹ ግን «ኤፍ» ካልተጻፈባቸው ትንሽ ግራፊክስ አላቸው። ከዚህ ውጭ ካርድ የሚያስፈልገው አራት ስክሪን ለሚፈልግ፣ ወይም ከሙዚቃው ጎን የክሊፕ ኤዲቲንግ ለሚሠራ፣ ወይም ከተሠራ ዘፈን ውስጥ ድምፅና መሣሪያ ለሚለይ ሰው ነው።

ስለ መጨረሻው አንድ ነገር እንበል፣ ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ ትልቅ ካርድ ይገዛልና። ዴሙክስ የተባለው የሜታ ተመራማሪዎች ነፃ ፕሮግራም ካርድ ሳይኖርም በፕሮሰሰር ብቻ ይሠራል። ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚሰጡት ግምት ዘፈኑ ከሚፈጀው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ በአሮጌ ማሽን ደግሞ ከዚያ በላይ። በካርድ ለማሠራት ቢያንስ 3 ጊጋባይት የካርድ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ምንም ሳይነካ እንዳለ ከተለቀቀ እስከ 7 ይወስዳል። በሳምንት አንድ ሁለት ዘፈን የሚለይ ሰው ቡና እያፈላ ቢጠብቅ ያዋጣዋል። በቀን አሥር የሚለይ ሰው ግን ካርድ ይግዛ።

ጠቅ ጠቅታው ከየት ይመጣል

ካርድ ሲመረጥ ሱቅ ውስጥ ማንም የማያነሳው ነገር ይህ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ድራይቨሮች አስቸኳይ ሥራቸውን የሚጨርሱበት ዲፒሲ የሚባል ወረፋ አለ። አንድ ድራይቨር በዚህ ወረፋ ተራ ሲይዝ በዚያ ኮር ላይ ያለው ሌላ ሥራ፣ ድምፁም ጭምር፣ ቆሞ ይጠብቃል። ድራይቨሩ ቶሎ ከለቀቀ ማንም አያውቅም። ከቆየ ግን ሳውንድ ካርዱ የሚልከው ድምፅ ያልቅበትና ጠቅ ይላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ48,000 ሳምፕል ሬት (በሰከንድ በሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) ባፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጀውን የናሙና ብዛት፣ 64 ስታደርጉት ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ድምፅ ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ 1.33 ሚሊ ሰከንድ ነው። 128 ላይ 2.67፣ 256 ላይ 5.33፣ 1024 ላይ 21.3 ይሆናል። የግራፊክስ ድራይቨሩ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከያዘ 64 ላይ ቀረጻው ይበላሻል፣ 256 ላይ ግን አይሰማም። «ሚክስ ሳደርግ ደህና ነው፣ ዘፋኙ ማይክ ላይ ሲቆም ነው የሚያስቸግረው» የሚባለው ለዚህ ነው። ዘፋኙ ድምፁን ሳይዘገይ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰማ ባፈሩ ዝቅ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

የኤንቪዲያ ካርዶች በዚህ በኩል ስማቸው የተጠራ ነው። በ2023 ኩባንያው ራሱ በድራይቨሮቹ ማስታወሻ ላይ በአርቲኤክስ 30 ተከታታይ ካርዶች ላይ የዲፒሲ መዘግየት ከፍ ሊል እንደሚችል በታወቁ ችግሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በኋላም ማሻሻያ አውጥቶለታል። የኤኤምዲና የኢንቴል ድራይቨሮች በአብዛኛው ከዚህ ይሻላሉ። ይህ ማለት ግን ኤንቪዲያ አይገዛ ማለት አይደለም፤ ማስተካከያ አለው።

ከመግዛት በፊትም ሆነ በኋላ መለኪያው ላተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ለቤት አጠቃቀም ነፃ ነው። ሙዚቃ መቅረጫውን ከፍታችሁ ብዙ ትራክ ያለበትን ሥራ አጫውቱ፣ ላተንሲሞንን አስነሱት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። በዚያ መሀል ፕለጊኖችን ክፈቱ ዝጉ፣ መስኮቱን ጎትቱ፣ ብሮውዘር ክፈቱ። ከዚያ ድራይቨሮች የተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ሂዱና ረጅም ጊዜ በያዘው ቅደም ተከተል አስቀምጡት። ትልቁ ቁጥር ከ500 ማይክሮ ሰከንድ በታች ከሆነ እፎይ በሉ። ከ1,000 ካለፈ ባፈር 64 ላይ እንደማትቀርጹ እወቁ። ከላይ የተቀመጠው ፋይል በ«ኤንቪ» የሚጀምረው ከሆነ የኤንቪዲያ ካርድ ነው። የዳይሬክትኤክስ ፋይል ከሆነም ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው የግራፊክስ ድራይቨር ነው። የኔትወርክ ፋይል ከሆነ ግን ካርዱን አትውቀሱት፤ ዋይፋይን አጥፍታችሁ ድገሙት። ዋይፋይ በብዙ ማሽን ላይ ከግራፊክስ ካርድ የባሰ አጥፊ ነው።

ፋኑ

የቤት ስቱዲዮ አንድ ክፍል ነው፤ ማይኩም ኮምፒውተሩም እዚያው። ክራር ወይም ዋሽንት በኮንደንሰር ማይክ ሲቀረጽ በስንኝ መሀል ያለው ጸጥታ ውስጥ ፋኑ ቁጭ ይላል። ከዚያ ኮምፕረሰር ታደርጉና ዝቅ ያለውን በ10 ዴሲቤል ታነሱታላችሁ፤ ፋኑም አብሮ በ10 ይነሳል።

ከሁሉ የሚሻለው ያለ ፋን የሚሠራ ካርድ ነው። ፋን ያላቸው አዳዲሶቹ ካርዶች ደግሞ ሙቀቱ 50 ወይም 60 ዲግሪ እስኪደርስ ፋናቸውን ያቆማሉ። ማስታወቂያው ላይ ያምራል፤ ቀረጻ ላይ ግን ፋኑ መሀል ላይ ሲነሳ፣ ሲያርፍ፣ እንደገና ሲነሳ ያስቸግራል። አንድ ወጥ የሆነ እፍታ በኋላ በሶፍትዌር ሊነሳ ይችላል፤ የሚለዋወጥ ድምፅ ግን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ስለዚህ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ፋኑን 30 በመቶ ላይ ያለማቋረጥ እንዲዞር ማድረግ ከማስነሳትና ከማቆም ይሻላል። ሁለት ስክሪን ስትጠቀሙ ሁለቱም በተመሳሳይ ሪፍሬሽ ሬት፣ ለምሳሌ በ60፣ ይሁኑ፤ አንዱ 60 ሌላው 144 ሲሆን አንዳንድ ካርዶች ሜሞሪያቸውን ማሳረፍ ያቅታቸውና ሥራ ሳይኖር ይሞቃሉ።

ሳጥኑ የሚፈቅደው

ኦፕቲፕሌክስና ኤሊትዴስክ ላይ ካርድ የሚመርጠው ሳጥኑ ነው። ትንንሾቹ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ነው፣ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የለውም። ስለዚህ ካርዱ ኃይሉን ሁሉ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ ማግኘት አለበት፤ የዚያ ጣሪያ 75 ዋት ነው። ከሳታ ገመድ ወደ ስድስት ፒን የሚቀይር አስማሚ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ እምቢ በሉ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መሸከም የሚችለው 54 ዋት ሲሆን ባለ ስድስት ፒኑ ግን 75 ሊጠይቀው ይችላል፤ ልዩነቱ የሚወጣው በሙቀት ነው፣ መሰኪያው ይቀልጣል።

ቁመቱም አለ። ቀጭኑ ሳጥን የሚቀበለው ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን፣ ወደ 69 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለውን ካርድ ነው፤ አጭሩ ብረት ከካርዱ ጋር መኖሩን ሱቅ ውስጥ እያላችሁ አረጋግጡ፣ በኋላ ለብቻው ማግኘት ጣጣ ነው። ካርዱ ሁለት ስሎት (የሁለት ካርድ ቦታ) የሚይዝ ከሆነ ሳጥኑን ከፍታችሁ ከመሰኪያው ጎን ክፍት ቦታ መኖሩን ለኩ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ፓወር ሰፕላዩ ጥግ ድረስ መጥቶ ይዘጋዋል።

ካርዶቹ

ጂቲ 1030 ለዚህ ሥራ ሲባል የተሠራ ይመስላል። 30 ዋት ብቻ ይወስዳል፣ ሎው ፕሮፋይል ነው፣ ያለ ፋን የሚሸጥም አለ። በአንድ ስም ሁለት ዓይነት እንዳለው ግን እወቁ፤ አንዱ ጂዲዲአር5፣ ሌላው ዲዲአር4 ሜሞሪ አለው። ጌመሮች ሁለተኛውን እንደ ማጭበርበር ነው የሚያዩት፣ እውነትም አላቸው፣ የሜሞሪው ፍጥነት ከ48 ወደ 16.8 ጊጋባይት በሰከንድ ይወርዳል። ለሚክሰር ሜትርና ለኢኪዩ መስኮት ግን ልዩነቱ አይታይም፣ እንዲያውም በ20 ዋት የባሰ ይቀዘቅዛል። በጂዲዲአር5ቱ ዋጋ ብቻ አትግዙት። ጉድለቱ ቪዲዮ ኢንኮድ አለማድረጉ (ቪዲዮን በራሱ አለመጭመቁ) ነው፤ ኦቢኤስ በሚባለው ፕሮግራም በቀጥታ ለሚያስተላልፍ ሰው አይሆንም። ደግሞ ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ እስከ 2028 የሚቀጥለው የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። ለስቱዲዮ ማሽን ይህ ጉዳት አይመስለንም። አንዴ በደንብ የሠራ ድራይቨር ባይነካ ይሻላል።

ጂቲ 710ን ተዉት። ያለ ፋን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ከሱ ይልቅ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ግራፊክስ ይሻላል።

ለሙዚቃ ብዙ ስክሪን የሚፈልግ ሰው የቢሮዎቹን ካርዶች ይይ። ኳድሮ ፒ620 በ40 ዋት አራት ስክሪን ያበራል፤ ቲ400 በ30 ዋት ሦስት፣ ቲ1000 በ50 ዋት አራት። ሁሉም አንድ ስሎት የሚይዙ ሎው ፕሮፋይል ናቸው። ፋናቸው ትንሽ ስለሆነ ሲፈጥን ቀጭን ፉጨት አለው፣ ሙዚቃ ላይ ግን የሚፈጥንበት ምክንያት ብዙም የለም። መውጫቸው ሚኒ ዲስፕሌይፖርት ነው፤ አስማሚው ከካርዱ ጋር ካልተሰጣችሁ ዋጋውን ደምሩበት። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ኬብል በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሠራም አትርሱ፤ ገልብጣችሁ ብትሰኩት ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ካርዱ ግን ጤነኛ ነው። እኛን ካላችሁን፣ ያገለገለ ቲ400 ወይም ቲ1000 ከተገኘ ለኦፕቲፕሌክስ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም።

አርኤክስ 6400 በ53 ዋት፣ በዲፒሲ በኩልም መልካም ነው። ሁለት መውጫ ብቻ አለው፣ ቪዲዮ ኢንኮድ አያደርግም፣ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይም ዳታ የሚለዋወጥበትን ፍጥነት በግማሽ ያጣል፤ ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፣ ለክሊፕ ግን አይሆንም። የኢንቴል አርክ ካርዶች ሪሳይዘብል ባር የሚባል የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ቅንብር ስለሚፈልጉ ለነዚህ አሮጌ ማሽኖች አንመክራቸውም።

ክሊፕም ለሚሠራ፣ ድምፅም ለሚለይ ሰው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው መልሱ። 70 ዋት ይወስዳል፣ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፣ ሎው ፕሮፋይል ሆኖም ይሸጣል፣ ሁለት ስሎት ግን ይይዛል። ስሙን በጥንቃቄ አንብቡ፤ በ2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ሌላ ካርድ ነው፣ 130 ዋት ይበላል፣ በነዚህ ሳጥኖች ውስጥም አይነሳም። ሻጩ «ያው ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል» ሊላችሁ ይችላል።

ሲገጠም

አሮጌውን ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው ማጽጃ በሴፍ ሞድ አጥፉ፤ ከዚያ በፊት ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ አለበለዚያ ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር ቀድሞ ይጭናል። አዲሱን ስትጭኑ «ከስተም» የሚለውን መርጣችሁ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ አስቀሩ። የኤችዲኤምአይ ድምፅ ድራይቨሩን ምልክቱን አንሱለት፤ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ከሳውንድ ካርዱ እንጂ ከስክሪን አይወጣም። ከተጫነ ግን ስክሪኑ ተኝቶ ሲነቃ ዊንዶውስ ድምፁን ወደዚያ እየወሰደ ያደናግራል። ያለፈበት ሰው በዲቫይስ ማናጀር ገብቶ ዲሴብል ያድርገው።

ከዚያ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል የኃይል አያያዙን ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም ቀይሩት። ካርዱ ፍጥነቱን ዝቅ ከፍ ባደረገ ቁጥር ነው ድራይቨሩ ተራውን የሚያስረዝመው። ይህን ግን ለሙዚቃ መቅረጫው ፕሮግራም ብቻ አድርጉ፤ ለሁሉም ካደረጋችሁት ካርዱ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ፋኑም ይነሳል። ላተንሲሞንን መልሳችሁ አስኪዱና ቁጥሩን ከቀድሞው ጋር አስተያዩ።

ካርድ ስትሰኩ የማዘርቦርዱ መውጫ ከጠፋ አትደንግጡ። ኦፕቲፕሌክስ ባዮስ ውስጥ በቪዲዮ ክፍል መልቲ ዲስፕሌይ የሚል አለ፤ እሱን ስታበሩት ሁለቱም አብረው ይሠራሉ።

መስኮት ስትጎትቱ ስፒከሩ ላይ ዝዝ የሚል ነገር ከሰማችሁ ስፒከሩ ክፍት እንዳለ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ከስክሪኑ ንቀሉ። ዝዝታው በዚያው ቅጽበት ከጠፋ የሚመጣው በስክሪኑ ግራውንድ (የመሬት መስመር) በኩል ነው፣ ካርድ መቀየር አይፈታውም። ከሳውንድ ካርዱ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ገመድ ባላንስድ በሆነው (ዝዝታን በሚከላከለው) ቲአርኤስ ቀይሩ፤ ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑንና ስፒከሮቹን ከአንድ ግድግዳ ሶኬት በሚመጣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቡ። የግራውንዱን ፒን መስበር መፍትሔ አይደለም፣ ሰው ይገድላል። ቤቱ ጭራሽ ግራውንድ ከሌለው፣ በብዙ ቤት የለም፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ማስቀበር ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

መገናኛም ሆነ ቦሌ ካርዱን ሰክታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም ሲሸጥ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ያውቀዋል፤ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍበታል። የሜሞሪውን ዓይነት የሚያሳየውን መስመርም አንብቡ፣ የጂቲ 1030 ነገር የሚለየው እዚያ ነው። ፋን ካለው ፋኑን በጣት ገፋ አድርጉት፤ ከተንገጫገጨ ወይም ዘይቱ ደርቆ ከከበደ ቤት ገብቶ ይጮኻል። ከዚያ መውጫዎቹን በሙሉ አንድ በአንድ በራሳችሁ ኬብል ሞክሩ፤ ሻጮች የሚያሳዩት የሚሠራውን አንዱን ብቻ ነው።